ይነበባል፤ ይሰማል ወይ?

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተጠበቀ። የደወለው የቀድሞ ተማሪዬ ነው።

«ጋሼ፣ በዕረፍት ቀንዎ ረበሽኩዎት መሰለኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«ጠይቅ እንጂ።»

«ያቺን የላኩልኝን ጽሑፍ በየትኛው ቋንቋ ነው የጻፏት?»

ሳቅሁ። ልጁ ድሮም ቀልደኛ ነው፤ እኔ ግጥም ሳነብ የማወጣውን ድምፅ እያስመሰለ ክፍሉን ያስቅ እንደነበር ወሬው ደርሶኛል። «በአማርኛ ነዋ! በምን ልጽፍልህ ኖሯል?» አልኩት። እሱ ግን አልሳቀም። «እንግዲያው ጋሼ፣ ኮምፒውተሬ አማርኛዎን አላወቀውም» አለኝ።

ይህን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ስሙን አልጠራም። «ልጁ» የምለው በልማድ ነው እንጂ ዛሬ የሁለት ልጆች አባትና ጠበቃ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ እሱ የሕግ ተማሪ ሆኖ ሳለ ኮርሱን በምርጫ ወስዶ ክፍሌ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ማስታወሻ የሚይዘው ወፍራም ወረቀት በወስፌ እየበሳ፣ በብሬል ነው። ያ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ መጀመሪያ ሰሞን ያውከኝ ነበር። በኋላ ግን ጠቅታው ሲቆም የተናገርኩት ነገር ለመጻፍ የማይበቃ መሆኑን ማወቂያዬ ሆነ።

መጻሕፍቱን የሚያነበው በሰው ድምፅ ነበር። በጎ ፈቃደኛ ጓደኞቹ ተራ ገብተው በካሴት ይቀዱለታል። ፈተና ሲቃረብ ግን አንባቢው ሁሉ ለራሱ ይሮጣልና ካሴቱ ምዕራፍ ሦስት ላይ ይቆማል። እሱም እስከ ምዕራፍ ሦስት ባነበበው ለፈተና ይቀመጣል። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጥያቄውን ከምዕራፍ ሰባት አወጣለሁ።

ያ ዘመን አልፏል ይባላል። ዛሬ ኮምፒውተሩ ራሱ ያነብለታል። ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እየተከተለ በድምፅ ይናገራል። ተማሪዬ የሚጠቀምበት ኤን ቪ ዲ ኤ የሚባለውን ነው። ማይክል ከራን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀመረው፤ ጄምስ ቴ የተባለ ሌላ ዓይነ ስውር ባልንጀራው ተቀላቀለውና ለዓለም ሁሉ በነፃ አደሉት። ለካሴት አንባቢ መለመን ቀረ ማለት ነው። ቀረ ወይ?

በሳምንቱ ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዞ ቤቴ መጣ። «በሉ ራስዎ ይስሙት» ብሎ አንድ ቁልፍ ነካ። ማሽኑ «ዶላር፣ ቅንፍ ክፈት፣ ኤም፣ ፐርሰንት፣ ኤክስ» እያለ ገሰገሰ። የሚነበበው ከብዙ ዓመት በፊት ሁለት ሌሊት ያደርኩበት መጣጥፍ ነው። ርዕሰ ጉዳዩ ምን መሰላችሁ? የንባብ ባህላችን መዳከም! «ሕዝባችን አያነብም» ብዬ አገር የወቀስኩበት ጽሑፍ። እነሆ አንባቢው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ለማንበብ ይታገላል፤ አላስነብብ ያለው የኔው ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱን እሱው አስረዳኝ፤ መምህርና ተማሪ ቦታ ተለዋወጥን። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። እኔ ያን መጣጥፍ ስጽፍ አገሩ የሚጠቀምበት የአማርኛ መጻፊያ ግን ለላቲን ፊደላትና ለልዩ ልዩ ምልክቶች የተሰጠውን ቁጥር ተውሶ፣ መልኩን ብቻ የኛን ፊደል የሚያስመስል ነበር። ስታዩት «በ» ነው፤ ውስጡ ግን የፈረንጅ ፊደል ወይም የገንዘብ ምልክት ነው። ጭምብል ያጠለቀ ፊደል በሉት። ዓይን ጭምብሉን አይቶ ያልፋል፤ ጆሮ ግን ጭምብል አያይም።

ያንን መጻፊያ የሠሩትን ሰዎች አልወቅስም። እነሱ በጊዜው ባይደርሱልን ኖሮ በኮምፒውተር አንድ መስመር አማርኛ አንጽፍም ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገብቶ የራሱን ቁጥር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለውን የአማርኛ ፊደል ከነራሱ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሰበብ የለንም። እኔም የለኝም። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላ እንኳ «የለመድኩት ኪቦርድ ይሻለኛል» ብዬ ዓመታት በጭምብሉ ስጽፍ ኖሬአለሁ።

የኔን ኃጢአት ከተናዘዝኩ ዘንድ የሌላውንም እንይ።

«የኔ ጽሑፍ የድሮ ነው፤ የዘንድሮውስ እንዴት ነው?» አልኩት። ዝም ብሎ ቴሌግራሙን ከፈተና አንድ ማስታወቂያ ላይ አቆመው። የአንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያ ነው፤ የማን እንደሆነ ይቅር። ማሽኑ «ፎቶ» አለና ዝም አለ። እኔ መነጽሬን አጥልቄ አነበብኩት። የሕግ ባለሙያ ይፈልጋሉ። የሥራ ልምድ፣ ደመወዝ፣ ቦታ ሁሉ ተዘርዝሯል። ከታች፣ ከማኅተሙ ጎን፣ በደማቁ «አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ» ይላል።

«ይህን ያነበበልኝ ሰው የተገኘው ምዝገባው ከተዘጋ ከሁለት ቀን በኋላ ነው» አለኝ።

መቼም እንዲህ ያለውን ምፀት ልብ ወለድ ውስጥ የጻፈ ተማሪ ቢኖረኝ «በጣም ተጋነነ፤ አለዝበው» ብዬ ነጥብ እቀንስበት ነበር። ግብዣውን አዘጋጅተን፣ የተጋባዡን ስም ጽፈን፣ እሱ ብቻ ሊያነበው በማይችለው ወረቀት ላይ አትመን ላክነው። ክፋት የለበትም። ማስታወቂያውን ያወጣው ሰው ያቺን የመጨረሻ መስመር ሲጽፍ ልቡ ንጹሕ እንደነበር አልጠራጠርም። ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው፤ በጎ ልቡና ሳይፈተሽ ሲቀር ከክፋት የሚለየው በዓላማው እንጂ በውጤቱ አይደለም።

ለመሆኑ ጽሑፉ ለምን ፎቶ ሆነ? በኮምፒውተር አይደለም እንዴ የተተየበው? ነው። ተተየበ፣ ታተመ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ከዚያ በስልክ ፎቶ ተነሣ። በእኛ አገር ማኅተም ያልታየበት ወረቀት ወረቀት አይባልም። እሺ ይሁን፤ ማኅተሙ ይታይ። የተተየበውን ጽሑፍ ከፎቶው ሥር ገልብጦ ለመለጠፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አንድ። ያቺ አንድ ደቂቃ ናት ጠበቃውን ሥራ ያሳጣችው።

ያን ቀን እስከ ማታ ተቀመጥን። እሱ እያዳመጠ፣ እኔ እያየሁ፣ የምናውቃቸውን ሰነዶችና ድረ ገጾች አንድ በአንድ ፈተሽን። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ጽሑፍ ስተች፤ እንዲህ ያለ ትችት ግን ሠርቼ አላውቅም። ያገኘናቸውን ጥቃቅን ጥፋቶች ላካፍላችሁ፤ ጥቃቅን የሆኑት ለኛ ነው።

አንደኛው የዜሮ ነገር ነው። «2001» ለማለት ሁለቱን ዜሮዎች በዐይኑ «ዐ» የሚጽፉ ብዙ ናቸው። መልካቸው ስለሚመሳሰል ዓይን አይለያቸውም። ማሽኑ ግን ሐቀኛ ነውና ያገኘውን ያነባል፤ «ሁለት፣ አ፣ አ፣ አንድ» ይላል። ይህ በግጥም መድበል ላይ ቢሆን ባልከፋ። በደንብና በመመሪያ ላይ፣ በብር መጠን ላይ ሲሆን ግን ለጠበቃ ቀልድ አይደለም። «ጋሼ፣ የቅጣቱን መጠን ለማወቅ ስንት ጊዜ ባለቤቴን ከኩሽና እንደጠራሁ አይጠይቁኝ» አለኝ።

ሁለተኛው አራት ነጥብ ነው። «።» የምትባል የራሷ ፊደልና የራሷ ቁጥር ያላት ምልክት እያለች፣ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመታን «::» እናደርጋታለን። ማሽኑ የዓረፍተ ነገሩ ማብቂያ መሆኑን በምን ይወቅ? እንደ ቅንብሩ ወይ ምልክቶቹን እየጠራ ያደነቁራል፣ ወይም ሳይተነፍስ ወደሚቀጥለው ይንደረደራል። እኔ በተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሥርዓተ ነጥብ ሳርም «ጋሼ ቁም ነገሩን ትቶ ነጥብ ይቆጥራል» ይሉኝ ነበር። እነሆ ነጥቧ ቁም ነገር ሆና ተገኘች።

ሦስተኛው ርዕስ ነው። ባለ ስድሳ ገጽ መመሪያ ሲሰጠን እኔና እናንተ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አናነብም፤ በዓይናችን እንቃኝና የምንፈልገውን ክፍል እንይዛለን። ዓይነ ስውር አንባቢም እንዲሁ ማድረግ ይችላል፤ «ኤች» የምትለዋን ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ማሽኑ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘልለታል። ግን ይህ የሚሆነው ጸሐፊው ርዕሱን በመጻፊያ ፕሮግራሙ ውስጥ «ርዕስ» ብሎ ሰይሞት ከሆነ ነው። እኛ የምናደርገው ጽሑፉን ማደመቅ፣ ማሳደግና ከሥሩ ማስመር ነው። ለዓይን ርዕስ ሆነ፤ ለማሽኑ ግን ተራ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ጠበቃችን አንቀጽ ሃምሳን ለማግኘት ከአንቀጽ አንድ ጀምሮ ያዳምጣል። ቤት ቁጥር ለሌለው መንደር እንግዳ እንደመላክ ነው።

አራተኛው ቅጽ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ስልክ፤ በድረ ገጽ ላይ የምንሞላው ሳጥን ሁሉ። ሳጥኑና ስያሜው በኮዱ ውስጥ ካልተሳሰሩ ማሽኑ የሚለው «ኤዲት፣ ኤዲት፣ ኤዲት» ብቻ ነው። የቱ ሳጥን ስም፣ የቱ ስልክ እንደሆነ ግምት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሰው መሆንህን አረጋግጥ ይባልና የተጣመሙ ፊደላት ሥዕል ይመጣል። «ሰው መሆኔን ማረጋገጥ ያቃተኝ እኔ ነኝ» አለኝ ተማሪዬ። ያኔ አልሳቅሁም።

ለማሽኑም ልንፈርድለት የሚገባ ነገር አለ። አማርኛን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ኢስፒክ የተባለው በነፃ የሚገኝ አንባቢ አማርኛን ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያመለክትም። «ይሰማል» ብዬ ብጽፍ ሲላላ እሱ ያዳምጣል ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ድምፁ ለሰው ይደርሳል ማለት ነው። «አለ» ስል ተናገረም ነው፣ ኖረም ነው። ዓይናማው ከአገባቡ አይቶ በሆዱ ያስተካክላል። ዓይነ ስውሩም በጆሮው ሰምቶ በሆዱ ያስተካክላል። እንዲያውም ተማሪዬ ከኔ ይልቅ ፈጣን ነው፤ ማሽኑን እኔ ቃል መለየት በማልችልበት ፍጥነት እያስነበበ እንደ ውኃ ይጠጣዋል። የቋንቋችንን ሰምና ወርቅ ሲፈታ የኖረ ጆሮ ለማሽን ስሕተት አይበገርም። የሚበገረው ፈጽሞ ያልተጻፈለት ነገር ሲያጋጥመው ነው፤ ለዝምታ ወርቅ የለውም።

አሁን ወደ ፍተሻው ልምጣ። ተማሪዬ ከሄደ በኋላ ቅናት ይሁን ጸጸት ያዘኝና ጽሑፌን ራሴ ልፈትሽ ተነሣሁ። ማይክሮሶፍት ዎርድ እ.ኤ.አ. ከ2010 እትሙ ጀምሮ የተደራሽነት መፈተሻ አለው። ሰነዱን ያይና «እዚህ ሥዕል አለ፤ መግለጫ የለውም»፣ «እዚህ ሰንጠረዥ አለ፤ የዓምዶቹ ርዕስ አልታወቀም» እያለ ይከስሳል። ለድረ ገጽም ተመሳሳይ መፈተሻዎች አሉ። እኔ ሥዕሉን ነክቼ በመግለጫው ቦታ «ሥዕል» ብዬ ጻፍኩ። ማሽኑ ወዲያው ደስ አለው፤ ምንም ችግር አልተገኘም አለኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ላክሁለት።

«ጋሼ» አለኝ ሲደውል፣ «ሥዕል መሆኑንማ ማሽኑም ነግሮኛል። የምን ሥዕል ነው?»

የእናቴ ፎቶግራፍ ነበር። ነጠላ አጣፍታ፣ ፊደል ቆጥራ ሳታውቅ የኔን የመጀመሪያ መጽሐፍ ገልብጣ ይዛ። የመጣጥፉ ሐሳብ ሁሉ ያረፈው እዚያች የተገለበጠች መጽሐፍ ላይ ነበር። እኔ ግን «ሥዕል» ብዬ አለፍኩት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከቴክኒክ ወጥቶ ወደ ሥነ ምግባር የሚገባው። ማሽን መግለጫ መኖሩን ያያል፤ መግለጫው መግለጹን አያይም። የእንግሊዝ መንግሥት የዲጂታል አገልግሎት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ሆን ብለው በእንቅፋት የተሞላ አንድ ገጽ ሠርተው፣ 142 እንቅፋት ጨምረውበት፣ የታወቁ የመፈተሻ መሣሪያዎችን ፈተኑበት። ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ ያገኘው ከመቶ 40 ያህሉን ነው። የቀረውን የሚያገኘው ሰው ነው። መፈተሻውን አትጠቀሙ ማለቴ አይደለም፤ ተጠቀሙበት። ግን ወንፊት ድንጋዩን ያስቀራል እንጂ ዱቄቱ የጤፍ ይሁን የአመድ አይነግርም።

ይህ የኛ ብቻ ገመና እንዳይመስላችሁ። ዌብኤይም የተባለ የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 የ1 ሚሊዮን ድረ ገጾችን የመግቢያ ገጽ ፈትሾ ከመቶ 97.8ቱ በማሽን ብቻ ሊታወቅ የሚችል ጉድለት እንዳለባቸው አገኘ። በ2025 ሲደግመው 94.8 ሆኗል። ስድስት ዓመት ሙሉ ተመክሮ ሦስት እርምጃ ማለት ነው። መመሪያ ጠፍቶ አይደለም። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999፣ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ በገባበት በዚያው ዓመት ነው። በ2008 ሁለተኛው እትም ወጣ፤ በ2018ና በ2023 ተሻሻለ። ፍሬ ነገሩ አራት ነው፤ ሰው በአንዱ ስሜቱ ሊደርስበት ይችላል ወይ? በሚመቸው መንገድ ሊሠራበት ይችላል ወይ? ይገባዋል ወይ? በልዩ ልዩ መሣሪያ ይሠራል ወይ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለመጠየቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም።

ሕግም ጠፍቶ አይደለም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ሲናገር ሕንፃና መንገድ ብቻ አይልም፤ መረጃና የመገናኛ ዘዴም ይላል። የታተሙ ሥራዎችን ለዓይነ ስውራን በሚመች መልክ ማዘጋጀትን የሚፈቅደውን የማራካሽ ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀላቅላለች። በሕንፃ በኩል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጥቶ ነበር። ውጤቱን በየሕንፃው ደጃፍ ታዩታላችሁ፤ መወጣጫ ተሠርቷል፣ ፍየል የምትፈራው ቁልቁለት ሆኖ። ሠሪው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ አልወጣበትም። ባለሥልጣኑ ግን ቅጹ ላይ «መወጣጫ፦ አለ» ብሎ ምልክት አድርጓል። ይህ መወጣጫና የኔ «ሥዕል» የምትል መግለጫ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ፍተሻ ለማለፍ እንጂ ሰው ለማሳለፍ አልተሠሩም።

«ስንት ናቸውና? አገሩ ስንት ጉድ ተሸክሞ!» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እኔም ብዬዋለሁ። ጥያቄዋ ብልህ ትመስላለች። ጣሃ ሁሴን በሕፃንነቱ ዓይኑን ያጣ ግብፃዊ ነው፤ ያነበቡለት ሰዎች ስለነበሩ ደራሲ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ም የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ ትምህርት እንደ ውኃና እንደ አየር ነው ብሎ ተሟገተ። የኛዋ የትነበርሽ ንጉሤ ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። የቆጠራችሁት ያለፉትን ነው፤ ምዕራፍ ሦስት ላይ የቆሙትን ማን ቆጠረ?

ደግሞስ ነገሩ የዓይነ ስውራን ብቻ ነው ያለው ማን ነው? እኔ ሃምሳዎቹን እያገባደድኩ ነው። በነጭ ላይ በግራጫ የሚጻፈውን ፋሽን ማንበብ ካቆምኩ ቆየሁ። ዓለም አቀፉ መመሪያ ጽሑፉና መደቡ ቢያንስ 4.5 ለ1 ይለያዩ ይላል፤ ይህን ያወቅሁት በመመሪያው ሳይሆን በዓይኔ ነው። ጽሑፉ ፎቶ ሳይሆን ጽሑፍ ሲሆን እኔ አሳድጌ አነበዋለሁ፤ እናንተ ቃል ፈልጋችሁ ታገኙበታላችሁ፤ ፊደል ያልቆጠረች እናት በድምፅ ታዳምጠዋለች። ለአንዱ የተከፈተ በር ለሌላው አይዘጋም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ተማሪዬ ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆሞ የነገረኝ። «ሥራው ቀረ፤ ሌላ ይገኛል። የሚያሳምመኝ ምስጢር የሌለኝ መሆኑ ነው። የባንክ ቅጼን የሚሞላልኝ ሰው የይለፍ ቃሌን ያውቃል። የሐኪም ውጤቴን ልጄ ናት ያነበበችልኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የደንበኛዬን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብኝ፤ ግን የፍርድ ቤቱ ሰነድ በፎቶ ሲላክልኝ ጎረቤት እጠራለሁ።» የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የአባቷን የሕመም ውጤት ጮክ ብላ ስታነብ አሰብኳት። አንዱን ቃል አንብባ ድምፅዋ ሲለወጥ። ሰነዱን ስካን ያደረገው ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ለዚህ ነው መፈተሽ የሚያስፈልገው።

በልጅነቴ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚያስተምሩ ዓይነ ስውር የኔታ ነበሩ። ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ ይቀመጣሉ። እኛ ዳዊት ስናነብ እሳቸው ሌላ ሰው የሚያነጋግሩ ይመስላሉ። አንድ ፊደል የዘለልን እንደሆን ግን «ተመለስ!» ይላሉ። አንድ ጊዜ ገጹ ተቀዶ ስለነበር ከሚቀጥለው ቅጠል ቀጠልኩ። «ወረቀቱ ጎድሏል፤ ሂድና ከአባትህ ዳዊት አምጣ» አሉኝ። መጽሐፉን አላዩትም፤ ጉድለቱን ግን ያገኙት እሳቸው ናቸው። አሁን ሳስበው በሕይወቴ የገጠሙኝ ከሁሉ የበለጡ ሰነድ ፈታሽ የኔታ ናቸው። እሳቸው መምህር ነበሩና ጮክ ብለን እንድናነብላቸው ግድ ነበረብን። ዘንድሮ እሳቸውን የመሰለ ሰው ደጅ ቆሞ «አንብቡልኝ» የሚለን፣ አዳምጡት ያለን ሰው ስለሌለ ነው።

ስለዚህ ለየመሥሪያ ቤቱ የምመክረው ትልቅ ፕሮጀክት፣ ኮሚቴና ወርክሾፕ አይደለም። ሰነዱን ከመልቀቃችሁ በፊት ስክሪኑን አጥፉትና ማሽኑ ሲያነበው ስሙት። ካልሰማችሁት አልጻፋችሁትም። ከተቻለ ደግሞ ያን ሥራ ለሚያውቅበት ለዓይነ ስውር ባለሙያ ከነደመወዙ ስጡት፤ «ይበረታታሉ» ማለት እንዲህ ነው።

እኔ የድሮ መጣጥፎቼን በዩኒኮድ ማስለወጥ ጀምሬአለሁ። የሚለውጥ ፕሮግራም አለ፤ ግን እያንዳንዱን መስመር ማረም ስለሚያስፈልግ ሦስት ወር ፈጀብኝ። የእናቴን ፎቶም ገለጽኩት፤ ለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከመጣጥፉ በላይ ደከምኩ። የንባብ ባህል መዳከም የተባለውን መጣጥፍ መጀመሪያ ላክሁለት። በማግሥቱ ጠዋት ደወለ።

«ጋሼ፣ አሁን አማርኛ ሆኗል። ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት።»

«ተመስገን! እንዴት ነው ታዲያ?»

«ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ያሉት ነገር ግን ልክ አይደለም።»

ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። እሱ ያሸነፈኝ ይመስለኛል። አንቀጹን ቀይሬዋለሁ።